የዕድሜ ልክ ዋስትና

የዛሬው ወጌ ስለ ብስክሌት ነው። ስለ ሹም ሽርና ስለ ድርድር ለማንበብ የመጣችሁ ይቅር በሉኝ፤ ብትታገሡኝ ግን ከለመድነው መንደር ያን ያህል እንዳልራቅሁ ታዩ ይሆናል። ነገሩ የተሰበረ የብስክሌት ክፍል ይተካልኝ ብሎ ለአምራቹ ማመልከት ነው፤ በአጭሩ ዋስትና መጠየቅ። ቃሉ ራሱ ፈገግ ያሰኛል። እኛ ዘንድ «ዋስትና» ሲባል ቀድሞ ወደ ኅሊና የሚመጣው ሱቅ ሳይሆን ችሎት ነው፤ እገሌ ዋስትና ተፈቀደለት፣ እገሊት ዋስትና ተነፈገች። «ዕድሜ ልክ» የሚለውን ሐረግማ ከየት እንደምናውቀው መናገር አያሻኝም። እናም ከብስክሌቴ ጋር የመጣው ደብተር «ለፍሬሙ የዕድሜ ልክ ዋስትና ሰጥተናል» ሲለኝ፣ ሁለቱ ቃላት እንዲህ ተቃቅፈው ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

የምኖረው በኮሎራዶ ግዛት፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ ነው። (ዴንቨሮች ከተማቸው ከባሕር ወለል በላይ 1,609 ሜትር መሆኗን በግዛቱ ምክር ቤት ደረጃ ላይ ሳይቀር ቀርጸው ይኮሩበታል፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት ስላቸው የማጋንን ይመስላቸዋል።) አገሩ የተራራ ብስክሌት አገር ነው። ስፖርቱ ግን የተወለደው ከዚህ ርቆ በካሊፎርኒያ፣ ማሪን በሚባለው አውራጃ፣ በ1970ዎቹ ነው። እዚያ ጥቂት ወጣቶች አሮጌ ከባድ ብስክሌቶችን እየጠጋገኑ ከተራራ ቁልቁል ይለቋቸው ነበር። በ1976 የጀመሩት ውድድራቸው «ሪፓክ» ተባለ፤ ምክንያቱም ቁልቁለቱን ጨርሰው ሲደርሱ የኋላው ፍሬን ውስጥ ያለው ግራሶ ተቃጥሎ ስለሚያልቅ እንደ አዲስ መሞላት ነበረበት። ስፖርቱና ስብራቱ መንታ ናቸው ማለት ነው። ያን ጊዜ ዋስትና የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ የሚጠየቅም አልነበረም። የሰበርከውን ራስህ ትበይዳለህ።

የእኔ ብስክሌት ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው። በ2007 ዓ.ም. (እነርሱ 2015 ይሉታል) በ2,300 ዶላር ስገዛው ባለቤቴ ለሦስት ቀን አላናገረችኝም። በዚያ ገንዘብ ሰው መኪና ይገዛል የሚለው ክርክሯ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም። እኔም ማስታረቂያ ያደረግሁት ያንኑ ደብተር ነበር።

«የዕድሜ ልክ ዋስትና አለው» አልኋት።

«የማን ዕድሜ?» አለች።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ደብተሩን በጥሞና ሳነበው ግን ዋናውን ጥያቄ የጠየቀች እርሷ ብቻ ኖራለች! ዕድሜው የእኔ አይደለም፤ የፍሬሙ ነው፤ ፍሬሙ ምን ያህል ሊኖር እንደሚገባው የሚወስነውም የሠራው ኩባንያ ነው። መብቱ ለመጀመሪያው ገዢ ብቻ የተሰጠ ነው፤ ብስክሌቱን ለወንድምህ ብትሰጠው ዋስትናው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ይሞታል። በአደጋ፣ በውድድር፣ በዝላይና «አግባብ ባልሆነ አጠቃቀም» የደረሰ ጉዳት አይካተትም። የሠራተኛ ዋጋና የማጓጓዣ ወጪ አይካተትም። በአገልግሎት ብዛት ያለቀ ነገር አይካተትም። የደብተሩ ሽፋን ላይ ደግሞ ምን አለ መሰላችሁ? አንድ ጎረምሳ ከነብስክሌቱ ከቋጥኝ ላይ ተወርውሮ አየር ላይ ተንሳፍፎ! ሽፋኑ ዝለል ይላል፤ ውስጡ ዘለህ ከሰበርህ አላውቅህም ይላል። የፓርቲ ፕሮግራም ከነመተዳደሪያ ደንቡ ያነበበ ሰው በዚህ አይገረምም።

ስብራቱ የደረሰው ጳጉሜን 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት፣ የአዲስ ዓመት ሽር ጉድ በቤት ውስጥ ተጀምሮ እኔ አምልጬ ወጥቼ። ሌክውድ ከተማ ዳር ግሪን ማውንቴን የሚሉት ዛፍ የሌለው ሰፊ ጉብታ አለ፤ እንደ እንጦጦ ነፍስ የሚያወጣ አይደለም፣ በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው ልክ ነው። ዳገቱን እየወጣሁ ሳለሁ ከሥሬ ሲጥ፣ ሲጥ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ፔዳሉ ግራሶ ጠምቶታል ብዬ ናቅሁት። ጥቂት ቆይቶ ድምፁ ወደ ቋቋታ ሲለወጥ ወረድሁና አጎንብሼ አየሁ። ከኮርቻው ሥር የሚወርደው ቧንቧ ከታችኛው ጋር በተበየደበት ቦታ፣ በብየዳው ጠርዝ፣ ቀለሙ እንደ ፀጉር በቀጠነ መስመር ተሰንጥቋል። በጣቴ ስነካው ከፍቶ ዘጋ። አልዘለልሁም፣ አልወደቅሁም፣ አልተጋጨሁም፤ ዳገት እየወጣሁ ነበር። እየገፋሁት ወረድሁ።

ስለ ብረት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ብረትና አሉሚኒየም ድካምን የሚሸከሙበት መንገድ ለየቅል ነው። አረብ ብረት ከተወሰነ ልክ በታች ያለ ጫና ሚሊዮን ጊዜ ቢደጋገምበት እንኳ አይሰበርም ለማለት ይቻላል። አሉሚኒየም ግን እንዲህ ያለ የምሕረት ልክ የለውም፤ ትንሹም ጫና ይቆጠራል፣ ይጠራቀማል። ቁጥሩ የት ሲደርስ እንደሚሰነጠቅ ብቻ ነው የማይታወቀው። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ቧንቧውን አወፍረው ጊዜውን ያርቁታል። ስንጥቁ ሲጀምር ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በብየዳ ጠርዝ ነው። ይህን ሁሉ ያነበብሁት ከተሰበረብኝ በኋላ ነው፤ የተበደለ ሰው እንዴት ያለ ትጉህ ተማሪ እንደሚሆን እናንተም ታውቁታላችሁ።

ወደ ሱቅ ወሰድሁት። ዋስትና የሚጠየቀው በቀጥታ ሳይሆን በሻጩ በኩል ነው። ሜካኒኩ ልጅ ገልብጦ ከፔዳሉ ሥር የተቀረጸውን ቁጥር ጻፈ፣ ፎቶ አነሣ፣ የግዢ ደረሰኝ ጠየቀ። (ደረሰኙን ለዘጠኝ ዓመት ማስቀመጤ በሕይወቴ ከፈጸምኋቸው ጥቂት የሥርዓት ሥራዎች አንዱ ነው።) ከዚያ ቅጹን ማንበብ ጀመረ። «ሲሰበር ምን እያደረግህ ነበር?» ዳገት እየወጣሁ። «ብስክሌቱ ከዚህ በፊት ወድቆ ወይም ተጋጭቶ ያውቃል?»

እዚህ ላይ ዝም አልሁ።

ወድቄ አውቃለሁ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጎልደን ከተማ አጠገብ ኤፔክስ በሚባለው መንገድ ላይ ከድንጋይ ጋር ተያይዘን ወድቀናል፤ ክርኔ ተገሽልጦ ነበር፣ የብስክሌቱም ቀኝ ጎን ተፋፍቋል። ስንጥቁ ያለው በግራ በኩል ነው። ግንኙነት አላቸው? የላቸውም? እንጃ።

ልጁ ዝምታዬን ለምዶታል መሰለኝ ብዕሩን አስቀምጦ ሳቅ አለ። በብስክሌት ሱቆች የታወቀች አንዲት አባባል አለች፤ «ዝም ብዬ ስነዳ ነው እንጂ…» የምትል። ደንበኛው ሁሉ የተጣመመ ቸርኬ፣ የተቆረጠ የፔዳል ክንድ ተሸክሞ መጥቶ «ምንም አላደረግሁም፣ ዝም ብዬ ስነዳ» ስለሚል፣ ሜካኒኮቹ በሦስት ፊደል አሳጥረው ጄ.አር.ኤ. ይሏታል። ቀልድም ናት፣ ማኅተምም ናት። ልጁም «እኔ የምጽፈው አንተ የነገርከኝን ነው» አለኝ። የምክሩ ትርጉም ግልጽ ነበር።

ለምን አልዋሸሁም? ጻድቅ ስለሆንሁ አይደለም፤ በዚህ ገጽ ላይ ለስንት ዓመት የሹማምንትን ውሸት ስዘረዝር የኖርሁ ሰው ስለሆንሁ ትንሽ ኀፍረት ይዞኝ ነበር፣ እርሱስ እውነት ነው። ነገር ግን ከዚያ የበለጠ የያዘኝ ሌላ የብስክሌት ስብራት ነው። ልጅ ሳለን ጃን ሜዳ አጠገብ ብስክሌት የሚያከራይ አንድ ሰው ነበር፤ ጋሽዬ እንለው ነበር። ዙሩ ሃያ አምስት ሳንቲም ነው። ለዋስትና ጫማህን ታስይዛለህ፤ በባዶ እግርህ ትነዳለህ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ በአንድ ዙር መሐል የግራውን ፔዳል ከድንጋይ አጋጨሁትና ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ቀስ ብዬ መለስሁት፣ ምንም አላልሁም፣ ጫማዬን ወስጄ ሄድሁ። ከእኔ ቀጥሎ ተራው የነበረው የጎረቤታችን ልጅ ገና ዐሥር እርምጃ ሳይነዳ ፔዳሉ ተነቅሎ ወደቀ። «ዝም ብዬ ስነዳ ነው!» እያለ አለቀሰ። ያለው እውነት ነበር። ጋሽዬ ግን አላመነውም፤ ጫማው ለሁለት ሳምንት እዚያው ቀረ። የልጁ እናት ገንዘቡን በስንት ልመና እንደ ከፈሉ አሁንም ሳስበው ይከነክነኛል። ዛሬ ያ ልጅ የት እንዳለ አላውቅም።

እናም ለሜካኒኩ «ወድቄ አውቃለሁ፣ ከዓመት በፊት፣ በሌላኛው ጎን» አልሁት። እንደ ነገርሁት ጻፈ።

ከዐሥራ ዘጠኝ ቀን በኋላ መልስ መጣ። ሁለት መስመር ነው። ጉዳቱ ከአደጋ ጋር የተያያዘ ሆኖ ስለ ተገኘ ዋስትናው አይመለከተውም፤ ሆኖም ታማኝ ደንበኛ በመሆንህ አዲስ ፍሬም በቅናሽ ልትገዛ ትችላለህ። ማን መረመረው? በምን? ፍሬሙ እኮ ከሱቁ ግድግዳ አልወረደም፤ ያዩት አራት ፎቶ ነው። አደጋውን ያገኙት ከብረቱ ላይ ሳይሆን ከአንደበቴ ነው። ብዋሽ ኖሮ የሚያገኙት ነገር አልነበረም። እውነት ተናጋሪን የሚቀጣ ቅጽ ማንን እንደሚያለማምድ እነርሱም ይጠፋቸዋል ብዬ አላስብም።

በዚህ አገር ስለዚህ ጉዳይ ሕግ የለም እንዳትሉ፤ አለ። ማግኑሰን–ሞስ የሚባለው የፌዴራል ሕግ በ1975 የወጣ ነው። በጽሑፍ ዋስትና የሚሰጥ አምራች ዋስትናው «ሙሉ» ይሁን «ውሱን» በርእሱ ላይ እንዲናገር ያስገድዳል፣ ቃሉን ሰው በሚገባው ቋንቋ እንዲጽፍ ያዝዛል፣ ከስሶ የረታ ሸማችም የጠበቃ ወጪውን ሊያስመልስ ይችላል። ዋስትና ስጥ ብሎ ግን አያስገድድም። የእኔም ደብተር በርእሱ ላይ፣ በዚያው በትልቁ ፊደል፣ «ውሱን» የምትል ቃል ነበረችው፤ «ዕድሜ ልክ» ዐይኔን ሞልቶት አላየኋትም። አውሮፓውያን ሌላ መንገድ ይዘዋል። እዚያ ሻጩ ቢያንስ ለሁለት ዓመት በሕግ ተጠያቂ ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ፣ ዕቃው በተገዛ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ጉድለት ከታየ ጉድለቱ ከመጀመሪያው እንዳልነበረ ማስረዳት ያለበት ሻጩ ነው። ይህ ጊዜ ቀድሞ ስድስት ወር ነበር፤ ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ዓመት ሆነ። ለዘጠኝ ዓመት አሮጌ ብስክሌት ይህም አይጠቅመኝም ነበር፣ አውቃለሁ። የወደድሁት ማስረጃ የማቅረቡን ሸክም በማን ጫንቃ ላይ እንደ ጫነ ነው። ፍርድ ቤት ደጅ የጠና ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ብዙ ክርክር የሚያልቀው ማን ያስረዳ የሚለው በተወሰነ ዕለት ነው።

አገራችንም ብትሆን ሕግ አላጣችም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኀላፊ ነው ይላል፤ የ2006ቱ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅም (ቁጥር 813) አለ። መርካቶ ሄዳችሁ ግድግዳውን አንብቡ፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። ይህን ማስታወቂያ ስንት ዓመት ስሳለቅበት ኖሬአለሁ። አሁን ግን ባለ መርካቶውን በአንድ ነገር አመሰግነዋለሁ፤ ዋስትና እሰጣለሁ ብሎ ለባለቤቴ አላስዋሸኝም።

የአንድ ሰው ስብራት ወሬ ነው፤ የብዙ ሰው ስብራት ሲቆጠር ደግሞ ሌላ ነገር ይሆናል። በሴፕቴምበር 2023 ሺማኖ የተባለው የጃፓን አምራች ለአስፋልት ብስክሌት የሠራቸውን፣ ሁለት ልጥፍ ክፍል ሆነው የተጣበቁ የፔዳል ክንዶች ለምርመራ መልሱ ብሎ ጠራ። በአሜሪካ ብቻ ወደ 680,000 የሚሆኑ ናቸው፤ የተሸጡትም ከ2012 ጀምሮ ነው። የመንግሥቱ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ባወጣው ማስታወቂያ መሠረት፣ ክንዱ ተላቆ የተገኘባቸው 4,519 ገጠመኞች ተመዝግበዋል፤ ስድስት ሰዎችም ተጎድተዋል። ያም ሆኖ የሚተካው መላቀቅ የታየበት ብቻ ነው፤ ያልታየበት ተመርምሮ ይመለሳል። እኔ ቁጥሩን ሳነብ የታየኝ 4,519 ሰው በየሱቁ ጠረጴዛ ፊት ቆሞ «ዝም ብዬ ስነዳ» ሲል ነው። ስንቱ ታምኖ ይሆን? ስንቱስ ከጀርባው ተስቆበት ይሆን?

ደብዳቤ ጻፍሁ። እኛ መቼም ደብዳቤ መጻፍ እናውቃለን። ሦስት ጥያቄ ጠየቅሁ፤ ፍሬሙን ማን በዐይኑ አየው? ቀኝ ጎኑ የተመታ ቧንቧ ስለ ምን በግራ ብየዳው ጠርዝ ይሰነጠቃል? የመውደቄን ነገር ባልነግራችሁ ኖሮ መልሳችሁ ይኸው ይሆን ነበር? ሜካኒኩም (እግዜር ይስጠው) በስንጥቁ ዙሪያ ያለውን ቀለም ፍቆ ቀረብ ያሉ ፎቶዎች ጨመረበት። ከዐሥራ አንድ ቀን በኋላ ሌላ ሁለት መስመር መጣ። «ውሳኔያችን እንደጸና ሆኖ፣ በመልካም ፈቃዳችን ብቻና ለሌላ ጊዜ መጠቀሻ በማይሆን ልዩ አስተያየት» ምትክ ፍሬም ሊልኩልኝ ወስነዋል።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ባለቤቴ «ሰጡህ አይደል? ምን ቀረህ?» አለችኝ። ግን ይህን ዓረፍተ ነገር የት እንደማውቀው ስፈልግ ነበር። በሐምሌ 1999 ዓ.ም. የቅንጅት መሪዎች ዕድሜ ልክ ተፈርዶባቸው በቀናት ውስጥ በይቅርታ ሲለቀቁ በየቤቱ የተነሣውን ክርክር ታስታውሳላችሁ፤ ይቅርታ የተደረገለት ሰው ጥፋተኛ ነበር ማለት ነው ወይስ አይደለም? የሰው ነፍስና የብስክሌት ቧንቧ በአንድ ሚዛን እንደማይቀመጡ አውቃለሁ፣ አትቈጡኝ። የዓረፍተ ነገሩ አሠራር ግን አንድ ነው፤ የጠየቅኸውን ይሰጥሃል፣ የጠየቅህበትን መብት ይነሣሃል።

አንድ ቅድመ ሁኔታ ነበረው። አሮጌው ፍሬም እንደገና እንዳይሸጥ በመጋዝ ተቆርጦ፣ ቁጥሩ ከሚታይበት ፎቶ ጋር ማረጋገጫ እንዲላክ። በዚህ ሙያ የተለመደ አሠራር ነው ይላሉ። ወደዚያ እመለሳለሁ።

አዲሱ ፍሬም በኅዳር መጣ። ቀለሙ ብርቱካን ነው፤ የእኔ ጥቁር ነበር፣ ይሁን። ችግሩ ሌላ ነው። የእኔ የኋላ ቸርኬ የሚገባበት ስፋት 142 ሚሊሜትር ነበር። በመሐሉ ባሉት ዓመታት ኢንዱስትሪው 148 ሚሊሜትር ወደሆነ፣ «ቡስት» ወደሚሉት ልክ ተሸጋግሯል። ስድስት ሚሊሜትር! የትንሽ ጣት ግማሽ አይሆንም። ግን ቸርኬዬ አይገባም፤ ካቴናው የሚሄድበት መስመር ስለ ተለወጠ የፔዳሉ ክንድም አይሆንም። የአሮጌው ልክ ፍሬም አምራቹ ዘንድ የለም። አዲስ የኋላ ቸርኬ፣ አዲስ የፔዳል ክንድ፣ መገጣጠሚያ የሠራተኛ ዋጋ፤ ሲደመር 612 ዶላር። የዕድሜ ልክ ዋስትና ያለው ነጻ ፍሬም በ612 ዶላር ገዛሁ ማለት ነው። ለባለቤቴ የነገርኋት ከከፈልሁ በኋላ ነው። በዚህኛው ቅጽ ላይ ስለ አደጋው ዝም ብያለሁ።

አሁን ወደ መጋዙ። ሜካኒኩ ፍሬሙን በማሰሪያ አጥብቆ ሲቆርጥ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ስንጥቁ ያለበትን ቁራጭ ለብቻው አውጣልኝ ብዬ ለመንሁት። አወጣልኝ፣ በጉጠት ጠምዝዞ ስንጥቁን ከፈተው፣ ሁለታችንም መብራቱ ሥር አጎነበስን። የብረት ድካም ፊቱ ላይ ይጻፋል፤ ቀስ እያለ የተሰነጠቀው ክፍል ለስላሳና የደበዘዘ ነው፣ ውኃ እንደ ሸሸበት የሐይቅ ዳር መስመር በመስመር ላይ ሆኖ ይታያል፤ በመጨረሻ በአንድ ጊዜ የተቀደደው ግን ሻካራና የሚያብረቀርቅ ነው። የእኔ ሁለት ሦስተኛው ጠቁሯል። ቆሻሻ የገባበት፣ ለረጅም ጊዜ አፉን ከፍቶ የኖረ ስንጥቅ ነው። ጳጉሜን 2 የተፈጠረ አይደለም።

«አየህ!» አልሁት፤ «ገና ድሮ ከብየዳው የጀመረ ነው።»

ልጁ ቁራጩን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየው። «ድሮ የጀመረ ነው» አለ፤ «ግን ከመውደቅህ በፊት ይሁን በኋላ ይህ አይነግርህም።»

ቁራጩ ይኸው ይህን ስጽፍ ከጠረጴዛዬ ላይ አለ። ጥቁሩን መስመር በመርፌ ጫፍ ለመቁጠር ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለት የተለያየ ቁጥር አግኝቻለሁ።